ለከድር ያልተነገረው

ማክሰኞ፣ ብራስልስ

የባንዳችን ድራመር የከድር እናት ሞተዋል። አጎቱ ጋሽ ሁሴን ከአርሲ ነገሌ የደወሉት ለእኔ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። ጠዋት አርፈው ከሰዓት ተቀብረዋል። «ሰው አገር ሆኖ እንዳይሰማ፣ ልጄ። ስትመለሱ አዳማ መጥተን እኛው እናረዳዋለን። አደራ።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? እኛም ቤት የሚደረገው እንዲሁ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም።

ማታ ተጫወትን። ከድር ድራሙ ላይ ሆኖ ሲስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ መንገድ ላይ

ለጊታሪስታችን ለዮናስ ነገርኩት። ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። አጎቱ ያሉት ይሁን አለ።

ከድር መኪና ውስጥ እናቱ ጋ ደጋግሞ ደወለ። ዝግ ነው። ኔትወርክ ይሆናል አልኩት። አመነኝ። ኔትወርክ ጠፋ ሲባል የማያምን የአገሬ ሰው የለም። ነዳጅ ማደያ ስንቆም ወፍራም ካልሲ ገዛላቸው፣ እግራቸውን ይበርዳቸዋል ብሎ። የቱ ቀለም ይሻላል አለኝ። ቡናማው አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምቡርግ

ከዚህ በላይ አልችልም።

እዚህ ያደረሰን ዘፈን የተቀዳው አዳማ፣ ከድር የተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁመን፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እንደገና እየጀመርን። ማዘር፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንላቸው፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ፍራሹን ስለያዝንባቸው ምንጣፍ ላይ ተኙ። ዘፈኑ ሲጀምር የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው፤ በኦሮምኛ «በሉ እንግዲህ ጀምሩ» ይሉናል። ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው። የማናውቃቸው ሰዎች ይቀባበሉት ጀመር። አዲስ አበባ ጠሩን፣ ቀጥሎ ናይሮቢ፣ ከዚያ እዚህ።

መድረክ ላይ ያንን ድምፅ ከኪቦርዴ የምለቀው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ሰዓት አልቋል ብዬ ዘፈኑን አስቀረሁት። ዛሬ ሰዉ ጮኾ ጠየቀ። ከድር የድራም እንጨቶቹን አንስቶ አየኝ። ለቀቅኩት። የእናቱን ድምፅ ሲሰማ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብሎ መታ። እኔ እየተጫወትኩ አለቀስኩ፤ ላብ መስሏቸዋል።

ዓርብ፣ ሐምቡርግ

ሊነጋጋ ሲል እኔና ዮናስ በሩን አንኳኳን። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነውና ቢያንስ ይሄን እንጠብቅለት ብለን። ገና ሲያየን ገባው። አልጋው ላይ ተቀመጠ። መቼ ነው አለ። ማክሰኞ አልነው።

«ካልሲውን ስገዛ ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ታጥቦ ሰገደ። ከዚያ የነገውን ኮንሰርት እንጨርስ አለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነን፦ አጎቱ መንገራችንን እንዳይሰሙ። አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይነግሩት መስማቱን ካወቁ ቅር ይላቸዋል።

ቅዳሜ

ተጫወትን። ያንን ዘፈን ግን አልተጫወትንም። ከድር አንድም ምት አልሳተም። ፊቱን ማየት አልደፈርኩም።

ሰኞ፣ አዳማ

ጋሽ ሁሴን ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። እኛንም አስጠርተውን ነበር። እንደ ወጉ አደረጉት፦ ጤንነቱን ጠየቁ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁ፣ ቁጭ በል አሉት፣ ነገሩት። ማስመሰሉን እንዴት አየዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስመሰለም። ሐምቡርግ ላይ እንባ ያልወጣው ሰው መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። አጎቱና ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ያዙት። እኔና ዮናስ ስንነግረው እጃችንን እንኳ አልዘረጋንም ነበር።

ሲረጋጋ ጋሽ ሁሴን ወደ እኔ ዞሩ። አደራዬን ጠበቅሽ፣ ተባረኪ አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ከድር ቀና አለ። «አዎ» አለ፣ «ጠብቃለች።»

ይቅር ብሎኝ ይሁን ወይስ ሊሸፍነኝ፣ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ወደ ነገሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከድር ሌላ ባዶ ወንበር እያለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።