ወንድ የማይደርስበት ጓሮ

እማዬ፣

ከተለየሽን ሦስተኛው መስቀል ደረሰ። ቸሃ ያለው ቤትሽ ደህና ነው። ወንድሜ ታደለ የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ለውጦታል፤ ዝናብ ሲጥል እርስ በርሳችን አንሰማማም። አንቺ ብትኖሪ በመጀመሪያው ቀን አስነቅለሽው ነበር። ልጄ ሜሮን ዘጠኝ ዓመት ሞላት። አፏ ቁርጥ ያንቺ ነው፣ መልስ አያጣም።

የምጽፍልሽ ግን በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ስለነገርኩሽ ነገር ነው። የአባቴ ወንድም ያደረገብኝን ስነግርሽ አፌን በእጅሽ ይዘሽ፣ ገመና ነው፣ ሰው ከሰማ አለቀልን አልሽኝ። እሱ ከዚያም በኋላ በየመስቀሉም በየሰበቡም ይመጣ ነበር፤ እኔም እጁን እያስታጠብኩ አደግሁ። እማ፣ ተቀይሜሽ ነበር። ስንቀብርሽም ቂሙ አልወጣልኝም።

አምና ሜሮን ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ስትዘገይ ሆዴ ይቃጠል ጀመር። ጨጓራ መስሎኝ እዚሁ ወልቂጤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ጨጓራሽ ደህና ነው ብሎ ወደ ሲስተር ትዕግሥት ላከኝ። እሷ በልጅነታቸው የተጎዱ ሰዎችን የምታማክር ነርስ ናት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ስትለኝ፣ ይህን እኮ አውቃለሁ ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው ለቅሶው መጣ፣ ማቆሚያ አጣሁለት።

ኋላ እንደኔ ያሉ አምስት ሴቶችን ሰበሰበችን። አንዷ አገሯ ላይ እንዳትታይ ከቡታጅራ ድረስ ነው የምትመጣው። ክብ ሠርተን ወንበር ላይ ተቀምጠን ወለሉን ስናይ እንውላለን። ወንድ በመስኮቱ ካለፈማ ጭራሽ ትንፋሽም አይሰማም። ይህ ነገር እንደማያዋጣ ሳይ፣ እንሰት ለቆጮ የሚፋቅበት ሰሞን ስለነበር፣ ቸሃ ጓሯችን ኑ አልኳቸው። ሴቶች በሚፍቁበት ወንድ ዝር እንደማይል ታውቂያለሽ።

ሲስተር ትዕግሥት የጎጃም ልጅ ናት፤ መፋቂያውን እንደ ሽንኩርት ቢላ ይዛ ስትታገል በሳቅ ፈረስን። እጃችን ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ሳቁ ሲበርድ የቡታጅራዋ ሴትዮ ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ጀመረች። እሷ ስታቆም ሌላዋ ቀጠለች።

እኔ ተራዬ ሳይደርስ እጄ ቆመ። አንቺን አሰብኩሽ። ያንን ከነገርኩሽ ቀን በኋላ እንሰት በተፋቀ ቁጥር፣ በኛም ጓሮ በጎረቤትም፣ ሳትወስጂኝ ቀርተሽ አታውቂም። መፋቂያ እንኳ በወጉ መያዝ አልችልም ነበር። ከጨዋታዬ ለሥራ የነጠልሽኝ መስሎኝ ስንት ቀን አኩርፌሻለሁ! እሱ የማይደርስብኝ ቦታ ፈልገሽ ነው ለካ። ለዚህ አመሰግንሻለሁ፣ ከልቤ። ግን አልበቃኝም፣ እማ። እንሰት በየቀኑ አይፋቅም።

ባለፈው ሳምንት ለታደለ ነገርኩት። እንዳንቺ ይሸፋፍነዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ እፊቴ ለአጎታችን ደወለና፣ ዘንድሮም ሆነ ከዚያ ወዲያ ይህን በር እንዳትረግጥ አለው። ከአጎታችን ሽማግሌ ተልኮ መጣ፣ ዕርቅ ይሻላል ተባልኩ። ሌላ የጎዳው ልጅ መኖር አለመኖሩ ሳይጣራ ዕርቅ የለም ብዬ፣ በማግስቱ ከሲስተር ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። ብታይኝ ትኮሪ ነበር፣ ትደነግጪም ነበር።

ለሜሮንም በሚገባት መንገድ ነግሬያታለሁ፤ ማንም ቢያስፈራራት፣ መጀመሪያ የምትነግረው ለኔ ነው፤ እኔም አምናታለሁ። ስታድግ ስለ አያቷ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ አላሳምርሽም፣ አላጠቁርሽምም። ፈርተሽ ዝም እንዳልሽ፣ በፍርሃትሽ ውስጥም ልጅሽን የምታስጠጊበት ቦታ እንደፈለግሽ እነግራታለሁ። አልረሳሽም። ዝምታሽን ግን ለልጄ አላወርሳትም።

ልጅሽ