ስለ ደህናው እግሬ ምርመራ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሕክምና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ደምዎም ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ያለ እክል የሚዘዋወር እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በልብስ ስፌት ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በስኳር በሽታ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት አገልግሎት ያለኝ ሰው ነኝ። የግራ እግሬ አውራ ጣት ከቆሰለ ሁለት ወር አልፎታል፤ አሁን ጠቁሯል። ቀዶ ሐኪሙ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ሳይደብቁ አስረድተውኛል። የእግሬ ደም ሥር በአልትራሳውንድ ታይቶ ደም እስከ ታች የሚወርድ ከሆነ ጣቴ ብቻ ይቆረጣል፤ የጠበበ ሥር ካለም ሊከፈት ይችላል፤ ካልታየ ግን ቁስሉ ሳይዛመት ከጉልበቴ በታች ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ የላቸውም። በጋዜጣ፣ በአደባባይ የማስቸግርዎ እንግዲህ ስለ አንድ ምስል ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቁስል ማጠቢያ ክፍልዎ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ መሥራቱ፣ የምስል ክፍልዎ ደግሞ የእግር ደም ሥር የሚያየው ሰኞ ብቻ መሆኑ መቼም የታሰበበት አሠራር ነው። ፋሻ የሚፈታው ቁስል ማጠቢያ ክፍል ብቻ ነው፤ በምስል ክፍሉ በር ላይም ፋሻ እዚህ እንደማይፈታ በትልቁ ተለጥፏል። እኔም ሞኙ፣ ሐሙስ የታሰረልኝን ፋሻ እንዳደረግኩ ሰኞ ከተፍ አልኩ።

፪. የምስል ባለሙያዋ ርኅሩኅ ሴት ናቸው። ስድስት ሳምንት የጠበቅኩት ወረፋ ከሚባክን ብለው ደህናውን ቀኝ እግሬን አዩልኝ። ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብተው፣ መሣሪያውን ከብሽሽቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እያንሸራተቱ፣ ደሜ ሽው ሽው ሲል አሰሙኝ። ውጤቱም የደም ሥሩ ጤነኛ ነው ተብሎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከፋይሌ ጋር ተያይዟል። ክቡርነትዎ፣ እኔ ግራው የተቀደደ ሱሪ ላመጣ ደንበኛ ቀኙን ጠቅሜ ብመልስለት ሱሪውን ፊቴ ላይ ይወረውርብኝ ነበር። የእኔ ደንበኞች ጨዋነት ይጎድላቸዋል።

፫. ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ፋሻውን መፍታት ስትጀምር፣ የጥበቃ ሠራተኛው ደርሰው ወለሉ እንዳይበከል አስቁመዋታል። ወለልዎ በእውነት ንጹሕ ነው። እሷ ግን እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሰው ፊት ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

፬. አዲስ ቀጠሮ ለመያዝ ወደ መዝገብ ክፍል ብንሄድ፣ መዝገቡ ምርመራው ተሠርቷል ስለሚል፣ ዳግም ለመታየት የሐኪም ደብዳቤና የክፍል ኃላፊ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ተነገረን። ቀዶ ሐኪሙ ደብዳቤውን ቆመው ጻፉልኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ። የምቆረጠው የፊታችን ረቡዕ ነው፤ ፈርቻለሁ። የስፌት መኪናዬን የምረግጠው በሁለት እግሬ ነው፤ ሌላ ሙያ አላውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬም የሚያስተምረኝ የለም። ጣቴን ውሰዱት፣ ጨክኜበታለሁ። እግሬን ግን ሳታዩት አትቁረጡብኝ፤ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ! የምለምነው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ፋሻውን ቤቴ ፈትቼ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ በርዎ ላይ እገኛለሁ። ቢያባርሩኝም አልሄድም።

ለቀኝ እግሬ የዋሉትን ውለታ እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ በሁለት እግሩ ቆሞ እጅ የሚነሣዎ፣

ትሑት ታካሚዎ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ለጋዜጣው ልሰጥ ስነሣ ከመዝገብ ክፍል ተደወለልኝ። ኃላፊው ፈርመዋል፤ ክብረት ይስጥልኝ። የግራ እግሬ ምስል የሚነሣው ከዛሬ ሦስት ወር በኋላ ነው። ለመቆረጥ ግን ወረፋ አልነበረም። ያን ዕለት ይዤው የምመጣው እግር ስለማይኖረኝ፣ ተራዬን እግሩ ገና ለተረፈለት ሰው እንዲሰጡልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።