እባብ ያልሁት ድንጋይ

መርሳ፣ 1974 ዓ.ም.

ጥር 3 ቀን፣ ሰኞ

ቀኑ እንደ ወትሮው ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ወንዝ ወረድሁ። ወንዙ ከላይ ደርቋል፤ ሴቶቹ አሸዋ ተጭሮ ከተቆፈረው ጉድጓድ ይቀዳሉ። ጎረቤቴ ሙሄዲን ጉድጓዱን ሲያሰፋ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አወጣ። በላዩ አከርካሪና የጎድን አጥንት ተጋድሞበታል... አጥንቱ ራሱ ድንጋይ ሆኗል። ራስም ጅራትም የለውም፤ ተሰብሮ ቀርቷል።

«አንተ የተማርኸው፣ ምንድን ነው ይህ?» አለኝ። ሴቶቹም መቅዳታቸውን ትተው ያዩኝ ጀመር።

«እባብ ነው። ድንጋይ የሆነ እባብ» አልሁ። አላመነታሁም። መምህር ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ጡረታ ቢወጣም።

ድንጋዩን ወደ ቤት አመጣሁት።

ጥር 6 ቀን

በጉድጓዱ ዘንድ ሰው አልነበረም። የሙሄዲንን ባለቤት ዘይነባን እንስራ አዝላ ወደ ላይኛው ምንጭ ስትወጣ አገኘኋት። ጉልበቷ ያማታል፤ ጥቂት ትሄዳለች፣ ጥቂት ትቀመጣለች።

«የቅርቡን ውሃ ስለ ምን ተዋችሁት?»

«እባብ የተኛበትን ውሃ ማን ይጠጣል? መርዙ አይወጣም ይላሉ። እባብ ነው ያሉን አንቱ አይደሉም ወይ?»

ስለ መርዝ አንዳች አልተናገርሁም... ነገር ግን እባብ ብያለሁ።

ጥር 9 ቀን

ድንጋዩን በመስኮት ብርሃን መረመርሁት። ጎድኑ ከአከርካሪው ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መልካም። ወደ ላይስ? ወደ ላይም ቀጫጭን እሾህ ተደርድሯል። እባብ በጀርባው እሾህ አለውን? አላውቅም። ሳያውቁ እርግጠኛ ሆኖ መመለስ... ተማሪዎቼን የምገሥጽበት ነገር ነበር።

ጥር 13 ቀን

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ሙሄዲን ከአውድማው ዳር እባብ ገደለ። እንዳይቀብረው ለመንሁትና ከጉንዳን ቤት ላይ አኖርነው።

«በስተርጅና ለጉንዳን ድግስ መደገስ ጀመርህ?» አለኝ።

ጥር 17 ቀን

ጉንዳኖቹ አጥንቱን አጽድተውታል። ከድንጋዩ ጎን ዘረጋሁት። ጎድን ብቻ ነው፤ በጀርባው የድንጋዩን የሚመስል እሾህ የለም።

እባብ አይደለም። ታዲያ ምን ይሆን? ድንጋዩ የወጣው ከወንዝ ነው... ዓሣ? እኔ ዓሣን የማውቀው በሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ቅርፊቱን እንጂ አጥንቱን አያሳይም። በሰፈራችን ዓሣ በልቶ አጥንት የጣለ ማን አለ?

«ሐይቅ ከተማ አማቾች አሉኝ። ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ አመጣልሃለሁ» አለ ሙሄዲን።

ጥር 23 ቀን፣ እሑድ

አመጣ። ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ነው፤ በጨው ታሽቶ፣ በእርጥብ ሣር ተጠቅልሎ። ባለቤቴ ውባለም ገና ሽታው ሲደርሳት «ይህ ነገር በድስቴ አይገባም» አለች። ዘይነባም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ወንዝ ዳር ወርደን በፍም ጠበስነው። አንዱ ጎኑ አረረ፤ ሌላው ጥሬ ቀረ።

እጄን ሰበሰብሁ። በአገራችን የእርሱ ቢላዋ ያረደውን እኔ አልበላም፤ የእኔንም እርሱ አይበላም። ሙሄዲን ገባው።

«ዓሣ መች ይታረድና? ይልቅ ሳይበርድ ብላ።»

ጎረቤት ሆነን አርጅተናል። ሥጋ ከአንድ ማዕድ ስንበላ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነው። እሾሁ ጉሮሮዬን ወጋኝና አሳለኝ።

«እባቡ ነደፈህ» አለ፤ እስኪያነባ ሳቀ።

አጥንቱን አጥበን ከድንጋዩ ጎን አኖርነው። ጎድኑ ወደ ታች፣ እሾሁ ወደ ላይ... ገጠመ። የቱ ዓይነት ዓሣ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ራሱና ጅራቱ ጎድሏልና ለመናገር አልደፍርም። ዓሣ መሆኑን ግን አረጋግጫለሁ።

ጥር 26 ቀን

በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንድናገር ዕድል ጠየቅሁ። ሊቀ መንበሩ ታደሰ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«መምህር፣ እባቡ ዓሣ ሆነ ነው የሚሉን?» አለ። ሰው ሳቀ።

«አልሆነም። ከጥንቱም ዓሣ ነበረ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ድንጋዩንና ሁለቱንም አጥንቶች እየዞርሁ አሳየሁ። ከኋላ አንዲት ሴት «ነገ ደግሞ ሌላ ነው ቢሉንስ?» ስትል ተሰማ። ተቀመጥሁ።

ጥር 28 ቀን

ማንም ወደ ጉድጓዱ አልተመለሰም። አሸዋው እየሞላው ነው። ዘይነባ ዛሬም ወደ ላይ ስትወጣ አየሁ። በቃል ያስሸሸሁትን በቃል መመለስ አልቻልሁም... ነገ ቅል ይዤ እወርዳለሁ።

ጥር 30 ቀን፣ እሑድ

ትናንት ጉድጓዱን በእጄ ጠረግሁ፤ ውሃው ሲጠራ፣ ወደ ምንጩ የሚወጡት ሴቶች እያዩኝ ጠጣሁ። ዛሬም ጠጣሁ። ዘይነባ ከመንገዱ ላይ ቆመች።

«ሆድዎን አላመመዎትም?»

«አላመመኝም።»

«እስቲ ነገም ይጠጡና እናያለን።»

«ነገ የነነዌ ጾም ይገባል። ከቀትር በኋላ እንጂ ውሃ አልቀምስም።»

«እስከዚያማ በዚህ ጉልበት ቆሜ አልጠብቅዎትም» አለችና እንስራዋን ከጉድጓዱ አፍ አወረደች።

የካቲት 3 ቀን፣ ረቡዕ

የነነዌ ጾም መፈጸሚያ። ከቅዳሴ መልስ ወደ ወንዝ ወረድሁ። በጉድጓዱ ዘንድ ወረፋ አለ። ሙሄዲን ድንጋዩን ከእኔ ወስዶ ከራስጌው አቁሞታል። የእኛዎቹ ሴቶች «የዮናስ ውሃ» ይሉታል፤ ዘይነባና ጓደኞቿ «የነቢዩ ዩኑስ ውሃ» ይላሉ። በዚህም አይጣሉም።

ዓሣው እኮ ሙሉ ሳለ እንኳ ከክንዴ አይረዝምም ነበር... ነቢይ ቀርቶ እንቁራሪት መዋጡን እጠራጠራለሁ። ይህን ላርማቸው አፌን ከፈትሁ። ዘይነባ የሞላውን እንስራ አዝላ፣ በአጭሩ መንገድ ወደ ቤቷ አቀናች።

አፌን ዘጋሁ። የመጠጫው ሰዓት ደርሶ ነበርና ቅሌን ይዤ ተራዬን ጠበቅሁ።