የኋላ ዘንጉ ልክ

ሐሙስ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ነፋሱ፣ እንደምን ሰነበትክ?

መልእክትህን የአውቶቡሱ ሹፌር ጋራዡ ድረስ አመጣልኝ። እጄን ታጥቤ፣ ወንበር ስቤ፣ ተረጋግቼ ነው የከፈትኩት። "እንዴት ነሽ" የሚል ቃል ፍለጋ ወረቀቱን ገለባበጥኩት። "የኋላው ዘንግ ተሰበረ፤ እዚህ ያለው መካኒክ ልኩ ጠፍቶበታል፤ ቶሎ ላኪልኝ" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አጥፍተህ፣ በመጨረሻ የናፈቀህ ዘንግ ነው!

እሺ፣ ልንገርህ። የሦስት ጎማ ሞተርህን ዘንግ ከአሮጌ የቤት መኪና ነው ያወጣሁት። ከጎማ ጎማ አንድ ሜትር ከአስር፣ ውፍረቱ ሃያ ስምንት ሚሊ። አሳጥሬ የበየድኩት ራሴ ስለሆንኩ መለዋወጫ ሱቅ ቢዞር አያገኘውም፤ ቶርኖ ቤት ያስቀርጸው። ሞተሩ ባለ ሁለት ፒስተን፣ ስድስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ጉልበት ያለው እንዳትጭንበት። የፊት ሹካውን ያስረዘምኩት፣ መሪውን ከፍ ያደረግኩት፣ ደገፍ ብለህ እግርህን ዘርግተህ እንድትነዳ ነው። ፍሬኑ ለሦስቱም ጎማ በቀኝ እግር ብቻ ነው። ማርሹን ለምን በእጅ እንዳደረግኩት ለመካኒኩ ነግረኸዋል? ግራ እግርህ ከአደጋው በኋላ እንደማይታዘዝህ? ወይስ ለማማር ነው አልከው?

ያኔ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኝተህ፣ "ሞተር ካልነዳሁ ምኑን ሰው ሆንኩት?" ስትለኝ፣ "ሁለት ጎማ ከከዳህ በሦስት አስነዳሃለሁ" አልኩህ። አባዬ የጋራዡን ቁልፍ ይዞ እየቆመ፣ "ልጄ፣ ዓይንሽ በብየዳው አብጦ አለቀ፤ ለራስሽም እዘኚ እንጂ" ይለኝ ነበር። ማን ሰምቶት!

ያለቀ ዕለት ቀዩን የነዳጅ ታንከር እየዳበስክ እንደ ልጅ ሳቅክ። ያን ሳቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነበር።

"እስከ ማደያው ደርሼ ልምጣ" አልከኝ።

ራት አቅርቤ ጠበቅኩህ። ስትዘገይብኝ፣ ወድቆ ይሆናል ብዬ ማደያው ድረስ በእግሬ ሮጥኩ። ነዳጅ ቀጂው ዓይኔን ማየት ከብዶት፣ "እህቴ፣ ሙሉ አስሞልቶ በዋናው መንገድ ወጣ፤ ልብሱንም ጭኗል" አለኝ። ልብስህን የከተትክበትን ሳጥን ከመቀመጫው ሥር የሠራሁልህም እኔው ነኝ።

አሁን ጋራዡን የምይዘው እኔ ነኝ። አባዬ ዓይኑ ደክሟል፤ ስምህን ቤት ውስጥ አናነሳም።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ "ከኋላ የሕፃን መቀመጫ ይችላል ወይ?" ብለሃል። ይችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። እኔን "ልጅ መውለዱ ይቆየን፣ መጀመሪያ እግሬ ይዳን" ስትለኝ የኖርክ ሰው!

ይችላል። ግን ጭቃ መከላከያው ላይ እንዳታሳስረው፤ ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ይቀደዳል። ዋናው ሻንሲ ላይ ነው የሚበየደው። መካኒክህን ስለማላምነው ማሰሪያዎቹን ራሴ ቆርጬ ሠርቼ በሹፌሩ ልኬልሃለሁ። የልጁን እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼዋለሁ።

ልጁን እግዜር ያሳድገው፤ ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ደጅ ደጁን እያየ የሚጠብቀው ሰው አይጥፋበት። ለአንተ የሚሆን ምርቃት ፈልጌ አጣሁ። ሌላ ልክ ቢጠፋባችሁ መካኒኩ ይጻፍልኝ፤ አንተ አትጻፍ።

ሚስትህ