ለፎቶ መጥቶ ስለተመለሰው አውራ በግ

ለክቡር አቶ ትዕዛዙ
የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ አዲሱ ወንበርዎ፣ እንዲሁም ወደ እኛ የሚወስደውን መንገድ የረሳው መኪናዎ ደኅና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኛ የጥድ አምባ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። በጎቻችንም እየቀነሱ ነው እንጂ አሉ።

የሥራ ብዛት አስረስቶዎት እንደሆነ፣ እኔ መሪጌታ አፈወርቅ ነኝ፤ የልማት ሠራተኛ ሆነው ቀበሌያችን በመጡ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ቤቴ ያስጠጋሁዎ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጌታነሽ ከገዛ በጎቻቸው ጠጉር ፈትለው ያሠሩትን ባና ደራርበው እርስዎ የመንዝን ብርድ ያሳለፉት እዚያ ነው። እኔን «አባቴ» ይሉኝ ነበር። ሰንበቴያችንም ባዳ አይደለም፣ ልጃችን ነው ብሎ ጽዋ አጠጥቶ ማኅበርተኛ አደረገዎ። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ደብዳቤው ለሌላ ሰው የተጻፈ እንዳይመስልዎ ብቻ ነው። እነሆ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስላመጡልን የገብስ ምርጥ ዘር እናመሰግናለን። ዛላው እንደተናገሩት ትልቅ ነው፤ አገዳው ግን ከጉልበት አላለፈም። እርስዎ ኩንታሉን ለበላይ አካል ሪፖርት ሲያደርጉ፣ እኛ አውድማው ላይ ጭድ ስንፈልግ ዋልን። የመንዝ ገበሬ ገብስ ሲዘራ ፍሬውን ለራሱ፣ ጭዱን ለከብቱና ለበጉ ብሎ እንደሚዘራ ቤቴ ሲኖሩ በዓይንዎ አይተዋል።

፪ኛ፦ ስለ በጎቻችን ለሰጡን ምክር ከዚህ የበለጠ ምስጋና ይገባዎታል። «የመንዝ በግ ጠጉር እንጂ ሥጋ የለውም፤ ቶሎ የሚደልብ ምርጥ አውራ አመጣላችኋለሁ፤ ዘሩ እንዳይደባለቅ ግን አስቀድማችሁ የራሳችሁን አውራዎች አኮላሹ» ያሉን በሰንበቴው ቀን፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት፣ ጽዋውን በእጅዎ እንደያዙ ነበር። በእኛ ዘንድ ጽዋ ይዞ ቃል የገባ ሰው ዋስ አይጠየቅም፤ እኛም አልጠየቅንዎም። ከወንዝ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ግን እርስዎን ከስብሰባ በቀር አያውቁዎምና፣ መጀመሪያ አውራህን አምጥተህ እዚህ እሰር፣ ከዚያ የኛን እናኮላሻለን አሉ። እኛም አላዋቂነታቸውን እያየን ሳቅንባቸው።

ከአባቴ በጎች ዘር የቀረልኝ ጥቁሩ አውራዬ በመጀመሪያው ቀን ተኮላሸ፤ ቀንዱን ይዤ ያቆምኩልዎም እኔው ነኝ። ጡት ያልተዉት ወንድ ግልገሎች ተከተሉት። ያን ጊዜ በእናታቸው ሆድ የነበሩት እንኳ አልቀሩም፤ ተወልደው ወንድ መሆናቸው እንደታወቀ ባለሙያዎችዎ መቆንጠጫቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ። ለዚህ ሥራ መኪናም ነዳጅም ጠፍቶ እንደማያውቅ በአደባባይ እመሰክርልዎታለሁ።

፫ኛ፦ አውራው አልመጣም የሚል ሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው። እንግዶች ጠርተው ባዘጋጁት የመስክ በዓል ቀን አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለት መጣ። ያችኑ ያጠረችውን ጭዳችንን ሰብስበን አነጠፍንለት። እርስዎ ንግግር አደረጉ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ጠላችን ተጠጣ፣ ሙክታችን ተበላ፤ ፎቶው ከተነሣ በኋላ አውራው ከእንግዶቹ ጋር ተጭኖ ሄደ። ሌላም ቀበሌ የመስክ በዓል አለበት ተባልን። ከሴት በጎቻችን ጋር ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጠም። ዛሬ ፎቶው ገበያው መግቢያ ላይ በትልቁ ተሰቅሎ «ሞዴል መንደር ጥድ አምባ» ይላል። በጎቻችንን በየገበያው ቀን በሥሩ እናሳልፋቸዋለን፤ እስካሁን በፎቶ ያረገዘች የለችም።

፬ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ምስጋናው አለቀብኝ። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መታው። እንዲህ ባለ ዓመት እኛን የምታሻግረን በግ መሆኗን ያውቃሉ። ዘንድሮ ግን በጥድ አምባ የግልገል ድምፅ የለም። መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጄ ፅዮን ቀለቧም ኪራይዋም ግልገሎቹ ነበሩና፣ ደብተሯን ይዛ ቤቷ ተመልሳለች። እኛም ሴት በጎቻችንን እየነዳን ወንዝ ማዶ፣ የሳቅንባቸው ሰዎች ደጅ፣ አውራ ልንለምን እንወርዳለን፤ እነሱም ከትሕትናቸው የተነሣ ፊት ለፊት አይስቁብንም፣ ዞር ብለው ነው የሚስቁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ስለ እኛ ኖሯል።

ቢሮዎ ድረስም መጥቼ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሲያልፉ «አቶ ትዕዛዙ» ብዬ ብጠራዎ፣ ዞር ብለው ካዩኝ በኋላ ለጸሐፊዋ «ባለጉዳዩን ሰኞ ይምጣ በይው» አሉ። ክቡር ሆይ፣ የማላውቀው ሹም ቢያታልለኝ ያው ልማዳቸው ነው ብዬ እተወው ነበር። እርስዎ ግን ቤቴ ያደሩ፣ ጽዋዬን የጠጡ ሰው ነዎት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉት ደርሶብኛልና ከፍቶኛል። ከአውራው መቅረት ይልቅ «ባለጉዳይ» መባሌ አጥንቴ ድረስ ዘልቋል።

በተረፈ ወንበርዎ ይጽና፤ ጎማዎ አይተንፍስ፤ የሚያጨበጭብልዎ እንግዳ አይታጣ፤ ፎቶዎንም ዝናብ አይንካው እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከባዶ የግልገል ጋጣ ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞ አባትዎ፣ የአሁኑ ባለጉዳይ
መሪጌታ አፈወርቅ
ከጥድ አምባ ሞዴል መንደር

ግልባጭ፦
ከወንዝ ማዶ ላሉት አውራ በጎች፣ ለምስጋና

ማስታወሻ፦ የሰንበቴው ተራ ዞሮ እርስዎ ላይ ደርሷል። ስሙ ይሰረዝ የሚሉ ነበሩ፤ ወይዘሮ ጌታነሽ ግን ጽዋችንን የጠጣ ሰው አይሰረዝም ብለው ስለተከራከሩልዎ ቀርቷል። ዳቦውንና ጠላውን እኛው እናዘጋጃለን፣ አይቸገሩ። ማኅበሩ የጠየቀዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጽዋውን በእጅዎ ከመያዝዎ በፊት ዋስ ይዘው ይምጡ።