አውቶቡሱ ያለ ትኬት ቆራጭ አይነሳም

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ቤቱን ሁሉ ትቀሰቅሳለህ? እኛ ደህና ነን። ለወጉ ያህል አይደለም የምጽፈው፤ ዛሬ እውነትም ደህና ነን። አባባ ጎኔ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ለአንተ እንደምጽፍ ሲያውቅ ድምፁን ቀነስ አድርጎልኛል።

ወደ አባባ ቤት ከመምጣቴ በፊት የጻፍክልኝን ደብዳቤ ታስታውሰው ይሆናል። አባባ ስኳሩ ጨምሯል፣ ሐኪሙ በየማለዳው ካልተራመድክ እግርህን ታጣለህ ብሎታል፣ እሱ ግን ከበር አልወጣም ብሎ ድርቅ ብሏል፤ አንቺ እዚያ ተኝተሽ ከምትውዪ ሄደሽ አስወጪው፣ ነበር ያልከኝ። «ተኝተሽ» የሚለውን ቃል አንዴ ሰርዘኸው፣ እንደገና ጽፈኸዋል። ስሜን ሳትጠራ የሰደብከኝ መሰለኝ። ግን እውነትህን ነበር። ትዳሬ ከፈረሰ ወዲህ መጋረጃ አልከፍትም፣ ሥራ አልሄድም ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንሠራበት ክፍል አለቃዬ ወንበርሽ እንዳለ ነው እያለች መልእክት ትልክልኝ ነበር። አንብቤ ስልኩን እገለብጠዋለሁ።

ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። በማግስቱ ማለዳ አባባን ተነስ እንሂድ አልኩት። ዕድሜ ልኬን በአውቶቡስ ሰው ሳመላልስ ኖሬ በስተርጅና በእግሬ ልንከራተት? ደግሞስ የት ለመድረስ? አለኝ። እግርህን ያጣህ እንደሆነ የትም አትደርስም አልኩት። አፌ እንዴት እንዲህ እንዳለ እንጃ። የድሮ መስመሬን ከሆነ እሄዳለሁ፣ ግን አውቶቡስ ያለ ትኬት ቆራጭ አይነሳም አለኝ። ፊቴን ታጥቤ ጫማዬን አደረግኩ።

አካሄዱን ብታይ ትስቅ ነበር። በየፌርማታው ይቆማል። ግራ ቀኙን አይቶ ተሳፋሪ እስኪገባ ይጠብቃል፤ ትከሻውን ቸብ ካላደረግኩት አይንቀሳቀስም። ዳገት ላይ ሲደክመው ማርሽ አልገባ አለኝ ይላል። ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ፤ እሱ መንገድ እንደሚለቁለት ሁሉ እጁን አንስቶ ያመሰግናቸዋል።

ማታ ማታ እግሩን አየው ነበር። ሐኪሙ ቁስል እንዳይኖር እዩ ብሎ የለ? ውስጥ እግሩ ወፍራምና ደረቅ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንተ የላክህለትን ጥቁር ጫማ ሳነሳው ደግሞ የሁለቱም እግር ተረከዝ ተበልቷል። ከበር የማይወጣ ሰው ጫማ እንዴት እንዲህ ያልቃል አልኩት። ክላች ነው አለኝ። የሾፌር ጫማ እንዲህ ነው፣ ክላች ይበላዋል። ተቀበልኩት። ያኔ ማሰብ ራሱ ይደክመኝ ነበር።

አንድ ቀን መነሳት አቃተኝ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። አልታመምኩም፣ ማንም አልደወለም። ብርድ ልብሱ ከበደኝ፣ በቃ። አባባ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ትነሻለሽ ወይ አላለኝም። አንዳንዴ ያስላል። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያልኩ ጠበቅኩ። ብቻውን ቢወጣልኝ ዕረፍት አገኝ ነበር። አልወጣም። ስለ እግሩ ማሰብ ጀመርኩ፣ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ትንሿ ጣት። እኩለ ቀን ላይ ስወጣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ የጫማውን ክር አስሮ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ያለው ነገር ቢኖር አርፍደናል፣ ተሳፋሪው ሲራገም ነው የዋለው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረሁም ብዬ አልዋሽህም። ቀርቻለሁ። ግን የቀረሁ ዕለት ወንበሩ ሲሳብ እሰማለሁ፤ ያ ድምፅ ከአልጋ ያወጣኛል። ሰው ለራሱ ሲል የሚጠነክር ይመስለኝ ነበር። እኔ ለራሴ ስል ጸጉሬን እንኳ አላበጥርም ነበር፤ ለእሱ እግር ስል ግን በጊዜ ተኛሁ። መድኃኒቱ ያለ ቁርስ ስለማይወሰድ ቁርስ በላሁ። እሱ ስኳር ስለማይነካ እኔም ሻዬን መራራውን መጠጣት ለመድኩ። ሌላው ሁሉ በዚያው ተከተለ፤ እንዴት እንደሆነ አላስተዋልኩም።

መስመሩም እየተራዘመ ሄደ። መጀመሪያ የምንመለሰው ከመድኃኒት ቤቱ ነበር፤ ቀጥሎ ከድልድዩ፤ ቀጥሎ ከድልድዩ ማዶ። ምነው ዛሬስ? ስለው መመሪያ መጥቷል ይለኛል። ከማን? ከበላይ። ይስቃል፤ የታች ጥርስ ስለሌለው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ያዘንና ውኃ ልገዛ ድልድዩ አጠገብ ካለችው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ትልቅ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና የሾፌሩ ልጅ ነሽ? ጎሽ፣ እንኳን ጓደኛ አገኙ አሉኝ። ከክረምቱ በፊት፣ አንቺ ሳትመጪ፣ አባትሽ ብቻቸውን ነበር በየማለዳው የሚያልፉት። እንዴት ያለ እርምጃ ነበራቸው! ወጣት አይደርስባቸውም። አሁን ነው እንዲህ በየፌርማታው መገተር ያመጡት። ምነው፣ እግራቸውን አመማቸው እንዴ?

አዎ፣ ትንሽ አሟቸዋል አልኳቸው።

የገንዘቤን መልስ ሳልቀበል ወጥቼ ኖሮ በሩ ላይ ጠሩኝ። አባባ ፌርማታው ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ፊቱን አየሁት፤ እሱ መንገዱን ያያል። ትከሻውን ቸብ አደረግኩት። ተነሳ።

ማታ ጫማውን ደጋግሜ አገላበጥኩት። ጡረታ ከወጣ በኋላ የመጣ ጫማ ክላች አያውቅም፤ መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ መስመሩ እንደገና ተራዘመ። ወዴት እንደምንሄድ ጥጉ ላይ ስንታጠፍ ገባኝ። የጥርስ መሥሪያው በር ፊት ቆመና መጨረሻ ፌርማታ ነው፣ ውረጂ አለኝ። እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም፣ ትኬት ቆራጭ ነኝ አልኩት። ፈረቃሽ አልቋል አለኝ። ደግሞ ይሄ ጥርሴ ጅምር ሆኖ ሊቀር ነው? ሾፌር ድድ ብቻ ሆኖ ሲስቅ ተሳፋሪ ይደነግጣል። እየቀለደ ነው። እምቢ ብለው ወደ ቤት ይመልሰኝ እንደነበር አውቃለሁ። ነገም እንዲሁ ያመጣኝ ነበር።

ገባሁ። ያው የጄሶና የተቃጠለ ሰም ሽታ። አለቃዬ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ አላቀፈችኝም፤ በያዘችው መሣሪያ ወደ ቦታዬ ጠቆመችኝ። እግዜር ይስጣት። ለአባባ በሰም የጀመርኩለት ጥርስ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እፍ አልኩት።

ከተቀመጥኩበት በመስኮቱ መንገዱ ይታያል። አባባ ወደ ቤት ሲመለስ አየሁት። ረጅም ረጅም እየተራመደ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ አንዱም ፌርማታ ላይ ሳይቆም አለፈ።

ነገ እነሳ ይሆን? እንጃ። ልብሴን ግን ወንበሩ ላይ አዘጋጅቻለሁ።

በል ወንድም ጋሼ፣ ቤትህ ሰላም ይሁን፣ ልጆችህ ይደጉልህ፣ ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኔን እንዳሰብከኝ የሚያስብህ አትጣ። አባባ አሁን ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ጫማው ስላለቀ ሌላ ይላክልኝ በይው ብሎኛል። ክላቹ ነው የጨረሰው ብዬ እጽፍለታለሁ አልኩት። አፉን በእጁ ሸፈነ።

የአባባን ስልክ ቁጥር ታውቀዋለህ። የእኔንም ከረሳኸው ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

ታናሽ እህትህ