የልጅሽ ጣቶች ሽንኩርት ይሸታሉ

ውድ ፋልጉኒ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ልጅሽ ቻርሚ የሽንኩርቱን ሙከራ እንድትዘል የላክሽውን ልመና አነበብኩት። «እኛ ጃይኖች በሃይማኖታችን ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነገር እንደማንነካ ታውቂያለሽ» ትያለሽ። አቤት ድፍረት! እኔም ጃይን ነኝ፤ አሳምሬ ነው የማውቀው።

ኮሌጅ አንድ ማይክሮስኮፕ ስንጋራ «ኡርቪዬ፣ አንቺ ላጪልኝ» እያልሽ ሽንኩርቱን ለእኔ ትተይ ነበር። አንቺ ጉንጭሽን በስቴኪኒ ፋቅ አድርገሽ የራስሽን ህዋስ ታያለሽ። አንድ ቀን እንዲሁ ልጬልሽ ሳበቃ የእጮኛዬ የቺንታን እናት ኮሌጅ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። እጄን ያዝ ሲያደርጉ ሸተታቸው።

«ሽንኩርት ትበያለሽ እንዴ?»

የእኔን ማን ይስማ! ወደ አንቺ ዞርኩ። አንቺ ግን አቀርቅረሽ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማማ» አልሽ። ቀለበቱ ተመለሰ። በዓመቱ ቺንታንን አገባሽው።

ለሌሎቹ የጃይን ልጆች በሽንኩርቱ ፋንታ ቅጠል ነው የምሰጣቸው። ለቻርሚም ነበረኝ፤ አልሰጠኋትም። «ካልላጥሽ ማርክ የለሽም» አልኳት። እያቅማማች ላጠች። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች።

«ቲቸር፣ እንደ ጡብ ተደርድሯል! የጉንጬ ግን ቅርጽ የለውም፣ ዝርክርክ ብሏል።»

«የእንስሳ ህዋስ ስስ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። የእጽዋቱ ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ መሃሉን ደግሞ ትልቅ የውሃ ከረጢት ይሞላዋል። ኒውክለስ ሁለቱም አላቸው።»

«አረንጓዴውስ የታለ?»

«አፈር ውስጥ ላደገ፣ ፀሐይ ለማያይ፣ አረንጓዴ ምን ያደርግለታል? ቅጠሉ ላይ ፈልጊው።»

ጎበዝ ናት፤ ሙሉ ማርክ ሰጥቻታለሁ። እሱን እንኳ ከአንቺ አልወረሰችም። በመጨረሻ ጣቷን አሽትታ ክው አለች።

«ወይኔ ቲቸር! አያቴ ካሸተተችኝ አለቀልኝ!»

«እናትሽ ታስረዳለች» አልኳት። ሳሙናውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ እሷው ናት፤ ወረቀቱንም አሽቺው። እንደ ሃይማኖታችን ደንብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለራት ስትቀመጡ አማትሽ የልጅቷን እጅ ያዝ ማድረጋቸው አይቀርም፤ ልማዳቸውን አውቀዋለሁ። ያኔ ወደ አንቺ ትዞራለች። አታቀርቅሪ። «ላጠች እንጂ አልበላችም» በያቸው።

ለእኔ የነፈግሽኝ ይችኑ ቃል ነበር። ለልጅሽ ብለሽ ስትናገሪያት አማትሽ እኔን ያስታውሱኛል፤ ያን ቀንም እውነቱን ታውቂ እንደነበር ይገባቸዋል።

የልጅሽ አስተማሪ፣
ኡርቪ